ለቢጫ ወባ ያልተከተቡት እትዬ

ደብዳቤው የመጣው በሁዳዴ መካከል ነው። ዓመቱ ድርቁ ሰሜኑን የፈጀበት፣ መንግሥት ሰውን በአውቶቡስና በጭነት መኪና እየጫነ ወደ ምዕራብ ቆላ የሚያሰፍርበት ነበር። እኔ ያኔ ልደታ ውስጥ ባለች አንዲት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የክትባት ክፍሉም በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበር። ክፍል አልኩት እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመርፌ መቀቀያ፣ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በብርድ ልብስ የምንጠቀልለው አንድ አሮጌ ፍሪጅ ያለበት ጠባብ ቦታ ነው። ማታ ማታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማራለሁ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ማትሪክ እፈተናለሁ ብዬ ቀን እቆጥር ነበር።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሲስተር ነበረች። ሁላችንንም ካርድ ክፍል ሰብስባ ደብዳቤውን በንባብ አሰማችን። ወደ ሰፈራ ጣቢያዎች የጤና ባለሙያ በየተራ ይላካል። የሚሄዱበት አገር ቢጫ ወባ የሚያሰጋው ስለሆነ ጥሪው ለማንም ሊደርስ ይችላልና ሠራተኛው ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከትቦ የክትባት ካርዱን ይያዝ። ያልተከተበ ሰው ስሙ ከነምክንያቱ ለበላይ አካል ይተላለፍ። ከእኛ ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ዙር የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ የውኃና የጽዳት ነገር የሚከታተለው ሳኒታሪያኑና እትዬ።

እትዬን የማያውቅ የአካባቢው እናት አልነበረም። ስማቸው የሚነሳው ደመወዝ ሲከፈል ብቻ ነው፤ ያለዚያ ከኃላፊዋ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል። ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጋውናቸው ላይ አንዲት ጠብታ አዮዲን የማትታይባቸው ድሬሰር ነበሩ። በልጅነታቸው ከአምቦ በኩል መጥተው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው ያደጉት። ከዳር አገር የመጣች እናት ግራ ሲገባት በኦሮምኛ ያነጋግሯታል፤ እናትየዋም ወዲያው ትከሻዋ ይለቅቃል። እኔ አዲስ ሠራተኛ ሆኜ ስገባ መጀመሪያ መርፌ የያዝኩት በእሳቸው ፊት ነው። «ልጁን ከመያዝሽ በፊት እናቲቱን አናግሪያት። እሷ ከፈራች ልጁ መቼም አይረጋም» ያሉኝ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ደብዳቤው በተነበበ ማግስት ሻይ ስንጠጣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ወሬ ይዞ መጣ። የአጎቱ ልጅ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

«ይሄ የቢጫ ወባ መድኃኒት ከእንቁላል ነው አሉ የሚሠራው። በጾም እንዴት ልናደርግ ነው?» አለ።

እኔ ሳቅሁ። «በክንድ የሚገባ ነገር ምን ጾም ያስገድፋል? ደግሞስ እንቁላልና መርፌ ምን አገናኛቸው?»

ሌሎቹም ሳቁ። እትዬ ግን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ልጁን ትኩር ብለው አዩት።

«እንቁላል ነው ያለህ? እርግጠኛ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ የሰማሁትን ነው።»

ተነስተው ወጡ። ሻዩንም አልጨረሱትም።

ክትባቱ ሰኞ ጠዋት ደረሰ። መድኃኒቱ እንደ ደረቀ ወተት ብልቃጡ ግርጌ ተጣብቆ ይመጣል፤ ፈሳሹ ሲጨመርበት ይሟሟል፤ ከተሟሟ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሰለፍ ነበረበት። ራሴን ራሴ መውጋት ስለማልችል መጀመሪያ እኔን የወጉኝ እትዬ ናቸው። እጃቸው እንደ ወትሮው ቀላል ነውና አልተሰማኝም። ከዚያ እኔ ቀጠልኩ፤ ሲስተር፣ ሳኒታሪያኑ፣ የካርድ ክፍሉ ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ሌሎቹም። ስማቸውን በመዝገቡ ላይ በየተራ ጻፍኩ። የቀሩት እትዬ ብቻ ነበሩ።

«እትዬ፣ እጅጌዎን ከፍ ያድርጉልኝ።»

«ዛሬ ይቅርብኝ» አሉ።

«ብልቃጡ ተከፍቷል እኮ፤ ይደፋል።»

«ይደፋ።»

ወጥተው ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው አይጠበቅም። መድኃኒት ሲባክን ያማቸው ነበር፤ ጥጥ አብዝቼ ስቆርጥ እንኳ ይቆጡኛል። ሲስተርም አይታለች። ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ጠርታኝ በሩን ዘጋች።

«ጾሙ ነው» አለችኝ። «ለወትሮውም አጥባቂ መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ በፋሲካ እንኳ ግማሹን ምግብ አይነኩም። የዞኑ ካድሬ ዓርብ መጥቶ መዝገቡን ያያል። ‹በሃይማኖት ሰበብ ለእናት አገር ጥሪ እምቢ አሉ› ተብሎ ቢጻፍባቸው ምን እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። አብረሻቸው ሂጂ። ለማንም ግን እንዳታወሪ።»

የመንግሥት ትእዛዝ ይዞ ካህን ማማከር በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊት ነጠላችንን ተከናንበን እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ልደታ ማርያም ገባን። የእትዬ ንስሐ አባት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ነገሩን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ቄሱ ጣታቸውን ዳዊታቸው መካከል እንዳደረጉ ሰሙኝ።

«መብልና መድኃኒት አንድ አይደለም» አሉ። «ጾም ከሆድ ፍላጎት መከልከል ነው። መርፌ ደግሞ ማንም አምሮት አይወጋም።» ከዚያ ካባቸውን ገለጥ አድርገው ክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳዩን። «ይኸው፣ በልጅነቴ ለፈንጣጣ የተከተብኩት። ምኑ እንደተጨመረበት ማን ጠየቀ? ይኸው አለሁ። ሂጂ ልጄ፣ ተወጊ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እትዬ መስቀል ተሳልመው አመስግነው ወጡ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ብሎኛል። በሩ ጋ ጧፍ የሚሸጡትን ሴቶች አልፈን፣

«ታዲያ ዛሬ ሌላ ብልቃጥ ልክፈት?» አልኳቸው።

«እሳቸው ያሉትን እኔም ቀድሞ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እኔን ያስጨነቀኝ ጾሙ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲያወሩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ የፋሲካ ዕለት እናቴ ከዶሮው ጋር ግማሽ እንቁላል አወጣችልኝ። ገና ሳልውጠው ከንፈሬን አሳከከኝ። ከዚያ ፊቴ አበጠ፣ ዓይኔ ተሸፈነ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሞተች ብለው አልቅሰዋል። እንዴት እንደተረፍኩ አላውቅም። ከዚያ አንዲት ባልቴት ‹ዛሯ ነው፣ ዛሯ እንቁላል አይወድም› አለች። በቃ፣ ያቺ ዛር ያለባት ልጅ ሆኜ አደግሁ። ጨዋታ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ይሸሹኛል።»

«ከዚያ በኋላስ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ፤ ሳላውቅ። በንጉሡ ጊዜ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ለሰው ሽኝት ኬክ ተቆረጠ። አንድ ጉርሻ ብበላ ያው ሆንኩ። የዚያን ጊዜ ግን ድሬሰር ነበርኩ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ተወግቶ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሽፍታው አንድ፣ ማበጡ አንድ፣ የትንፋሹ ነገር አንድ። ‹ይሄ እኮ የእኔው ነው፤ ዛርም ምንም አይደለም› አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ለሰውማ ምን ብዬ ልናገር? ‹እንቁላል አይስማማኝም› ስል ሁሉም ዛር ነው የሚለው። ጾመኛ ናት ሲሉኝ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት። አሁን ደግሞ ዘመኑ የሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ነው፤ በስተርጅና ዛር ያለባት ድሬሰር ተብዬ በካድሬ ፊት ልቁም?»

አራት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ፣ ስበላ፣ እንቁላል ሳይነኩ ሲያልፉት በዓይኔ እያየሁ፣ እኔም «አጥባቂ ናቸው» ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

ጤና ጣቢያ እንደደረስን የክትባቱን ካርቶን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩ። በየካርቶኑ ውስጥ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳች፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈች መመሪያ ትመጣለች። ሁልጊዜ ከካርቶኑ ጋር ነው የምጥላት። በስንት ይሟሟል፣ ስንት ይወጋል የሚለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አንብቤ አላውቅም። አንዷ ካርቶኑ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቃ ቀርታ አገኘኋት። ለማታ ትምህርቴ የያዝኩትን መዝገበ ቃላት አውጥቼ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀውን እንግሊዝኛ መፍታት ጀመርኩ። ያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ቢሆንም አንድ በአንድ ሄድኩበት። መድኃኒቱ በዶሮ ሽል ውስጥ የሚራባ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ እንቁላል ወይም ዶሮ የማይስማማው ሰው እንዳይወስድ ይላል። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት፤ መዝገበ ቃላቱን ተጠራጥሬ ሌላም ቃል ፈለግሁ። ያው ነው።

የካርድ ክፍሉ ልጅ ወሬ እውነት ነበር። እኔ የሳቅሁበት።

ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነው። ሰኞ ዕለት ያን ሁሉ ሰው ወግቻለሁ፤ አንዱንም «የማይስማማህ ነገር አለ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ማንም ምንም ስላልሆነ ነው እንጂ ቢሆንስ? እትዬ አፍረው እጃቸውን ቢሰጡኝስ? ውጭ ለቁስላቸው የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ ተነስቼ ወደ እነሱ ሄድኩ።

በዚያኑ ቀን ከሥራ መልስ እትዬን ለብቻቸው አግኝቼ አንድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው። ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እንደ ውለታ ነበር የታየኝ።

«ብልቃጡን እከፍታለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ ጥጥ ላይ አፈሰዋለሁ። ካርዱን እሞላለሁ፣ መዝገቡም ላይ እጽፋለሁ። ማንም አያውቅም። ካድሬውም ዝም ይላል።»

እትዬ ጋውናቸውን እያጠፉ ነበር። ቆም አሉ።

«ስንት እናት ነው እዚህ በር ላይ ‹መርፌውን ተይው፣ ካርዱን ብቻ ጻፊልኝ› ያለችሽ?»

«ብዙ።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«አልጽፍም እላቸዋለሁ።»

«እኔ ሃያ ዓመት አልጻፍኩም። ዛሬ ለራሴ አላስጽፍም። ደግሞስ ያልተከተብኩትን ተከተብኩ ብዬ ቢጫ ወባ ያለበት አገር ሄጄ ብታመም ሐኪሙ ካርዴን አይቶ ‹ቢጫ ወባስ አይደለም› ይለኛል። ሁለት ጊዜ መሞት ነው የምትመክሪኝ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያነበብሽውን ወረቀት ለሲስተር አሳያት። የእኔንም ንገሪያት። ዛር ያልሽ እንደሆነ ግን እጣላሻለሁ።»

ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቷን ተቀብላ መስኮቱ ጋ ሄዳ አነበበች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ለመጨረስ ብዙ አልቆየችም።

«እኔም አንብቤው አላውቅም» አለችኝ። ያን ማለቷን እስከ ዛሬ አከብርላታለሁ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል የምንሄድበት ወረቀት ጻፈችልን።

ሐሙስ ጠዋት ከዋናው መንገድ ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ከኋላ በኩል ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥባት ያቺ ታክሲ ናት። እትዬ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘነው ሐኪም ሽበታም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ወረቀቱን አይቶ ስለ ፋሲካው እንቁላልና ስለ ኬኩ በዝርዝር ጠየቃቸው። በስንት ደቂቃ ጀመረ፣ የት አሳከከዎት፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር? እትዬ መጀመሪያ እየተሽኮረመሙ፣ ኋላ ግን ልክ ስለ ሌላ ታካሚ እንደሚያስረዳ ባለሙያ አብራሩለት። ዛር የሚለው ቃል አልተነሳም።

«ወሬ አይበቃም፤ የሚጠይቀኝ አካል ማስረጃ ይፈልጋል» አለ ሐኪሙ። «በጣም ትንሽ አድርጌ ቆዳዎ ውስጥ እሞክራለሁ። አንድ ነገር ቢመጣ መድኃኒቱ እዚሁ ነው።» ትሪው ላይ አድሬናሊን የተሳበበት ስሪንጅ ተዘጋጅቶ ነበር። «ከፈለጉ ግን እምቢ ማለት ይችላሉ።»

እትዬ ስሪንጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ይሞክሩት» አሉ።

ክንዳቸው ላይ በሁለት ቦታ ወጋቸው፤ አንዱ ክትባቱ ነው፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ። የእትዬን ሌላኛውን እጅ ይዤ ሰዓቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክትባቱ የገባበት ቦታ ቀላ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከሳንቲም የሚበልጥ ሆኖ አበጠ፤ ዙሪያውም እንደ እሳት ነደደ። ሌላኛው ቦታ ምንም የለው።

«ከንፈሬን አሳከከኝ» አሉ እትዬ፣ በጣም ረጋ ብለው።

ሐኪሙ ወዲያው መጣ። ደረታቸውን አዳመጠ፣ አንድ መርፌ ሰጣቸው፣ አስተኝቶም እስከ ቀትር አስቆያቸው። ማሳከኩ ከዚያ አላለፈም። ሲነሱ፣

«ሙሉውን ቢወስዱት ኖሮ አሁን እንዲህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር» አላቸው።

የምስክር ወረቀቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲጀምር እትዬ አቋረጡት። «ዶክተር፣ በአማርኛም ይጻፉልኝ። የሚያነበው ሰው ባልገባው ቁጥር ይጠራጠረኛል።» ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ ማኅተም አስመታበት። መንገድ ላይ እትዬ ያን ወረቀት ሁለት ጊዜ ከቦርሳቸው አውጥተው አነበቡት። ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ የተሸከሙት ነገር ስም አግኝቶ፣ ማኅተም ተመቶበት ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው አልጠየቅኋቸውም። ፊታቸው ግን ቀለል ብሎት ነበር።

ዓርብ ካድሬው መጣ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ካኪ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ይመስላል። በዚያ ሰሞን ከስንት ጤና ጣቢያ ስንት ሰው አምጣ ተብሎ እንደሚሯሯጥ አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ ያኔ ግን ሁላችንም ፈርተነዋል። ካርድ ክፍል ተሰበሰብን። መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ ወረደ።

«አንድ ሰው ይጎድላል። ያውም ከሚሄዱት አንዷ» አለ። ቀና ብሎ እትዬን አየ። «አንቺ ነሽ?»

ቤቱ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ያቺ «አንቺ» ቆንጥጣናለች። እናቱ ይሆናሉ።

«አዎ ጓድ፣ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

«በጾም ምክንያት ክትባት እምቢ ያለ ሰው እዚህ አለ ተብሎ ደርሶናል። ሕዝባችን በረሃብ ሲያልቅ እንቁላል ነው እንዴ ሰበቡ?»

ማን እንደነገረው አላወቅንም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ሲስተር ልትናገር ስትል እትዬ በእጃቸው ከለከሏትና ተነሱ። የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ያበጠው ቦታ በማግስቱም ገና ቀይ ነበር።

«ጾሜን ለእግዚአብሔር ነው የምጾመው፤ ለሥራዬ ሰበብ አድርጌው አላውቅም» አሉ። «ይሄ የጠብታ ሩብ የማይሞላ ያመጣው ነው። ሙሉውን ብወስድ እሞታለሁ። ሞቼ ሰፋሪውን አልረዳውም። ሌላ ቦታ፣ ይሄ ክትባት የማያስፈልግበት ቦታ ላኩኝና ነገ እሄዳለሁ።»

ካድሬው ወረቀቱን አነበበ። አማርኛውን ነው ያነበበው። ክንዳቸውንም ጎንበስ ብሎ አየ። ለአፍታ የአንድ ሰው ልጅ መስሎ ታየኝ። «ደህና» አለና ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። «ይሄ ተቀባይነት አለው። ግን የተጠየቀው ሁለት ሰው ነው። አንድ ሳኒታሪያን፣ አንድ ድሬሰር። ድሬሰር ይዤ መሄድ አለብኝ።»

መዝገቡን መልሶ ከፈተ። ሰኞ ዕለት ቀድሜ የተወጋሁት እኔ ነበርኩና የመጀመሪያው መስመር ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ስሜ ተቀምጧል። ከጎኑ ሥራዬ፣ ድሬሰር። ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ጓድ የታለች?»

እጄን አወጣሁ። ማትሪክ ልፈተን ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል ማለት ፈለግሁ፤ ያን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ «ፈተና አለብኝ» ማለት አፍ አልሞላልኝ አለ። ሲስተር «ጓድ፣ ይቺ ልጅ ተማሪ ናት» ብላ ጀመረች። «ሁሉም ተማሪ ነው» ብሎ ዘጋት። ወደ እትዬ ዞር አልኩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ያቺን አይቻለሁ። ቂም የያዝኩባቸውም በዚያች ነው።

በሚያዝያ ሄድን። ከሸኘን ሕዝብ መካከል እትዬም ነበሩ፤ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አቀበሉኝ። ተቀበልኳቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየሁም። ለእሳቸው ብዬ ያን ሁሉ የተሯሯጥኩት፣ ወረቀት የፈታሁት፣ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ተራቸውም የደረሰው ለእኔ ነው፤ እንዲህ እያልኩ ነበር መንገዱን ሙሉ የተብሰለሰልኩት።

ስለ ሰፈራ ጣቢያው ብዙ አልጽፍም። ድንኳን፣ ጭቃ፣ ወባ፣ ኩፍኝ። ጠዋት ያከምነውን ልጅ ከሰዓት ቀብረን እናውቃለን። አንድ ነገር ግን ከልደታ ይዤ ሄጃለሁ፤ ሰው ከመውጋቴ በፊት መጠየቅ። ፔኒሲሊንም ሆነ ክትባት «የማይስማማህ ነገር አለ?» እላለሁ። አንድ ቀን ለክትባት ከተሰለፉት ሰፋሪዎች መካከል አንድ ሽማግሌ፣ ወሎዬ ናቸው፣ «እንቁላል ሲበሉ ሕመም ይሰማዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እንቁላል ካየሁ ዓመቴ ነው ልጄ። አምጭውና እንሞክረው።»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

የተመለስኩት በነሐሴ፣ ዝናቡ ልደታን ከላይ እስከ ታች ሲያጥባት ነው። ከስቻለሁ፣ ወባ ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ማትሪኩ አልፏል። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ስገባ የክትባት ክፍሉን እትዬ ይዘውት አገኘሁ። መዝገቡ ላይ በማስመሪያ አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምረው «የማይስማማ ነገር» ብለው በቀይ ጽፈዋል። ከሥሩ ባለው ገጽ ላይ አብዛኛው «የለም» ነው፤ ሁለት ቦታ ፔኒሲሊን ይላል።

«ሲስተር ፈቅዳ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

«ደግ አደረጉ» አልኩና ጋውኔን ለበስኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲቀንስ በሩን ገርበብ አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ተቀይመሽኛል።»

ማስተባበል ይቻል ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበረ እውነቱን ተናገርኩ። «አዎ።»

«ያን ዕለት ‹ይቺን ልጅ ተዋት፣ እኔው ያለ ክትባቱ እሄዳለሁ› ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈራሁ። ክትባቱን ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ በሽታውንም፣ አገሩንም ፈራሁ። እንዲህ ናት እትዬሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ይደረድር ነበር።

ከጋውናቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የማታ ትምህርት ቤቴ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ደረሰኝ ነው፤ ስሜ ተጽፎበታል። እኔ በሌለሁበት እናቴ ዘንድ ሄደው የትምህርት ካርዴን ተቀብለው፣ በዝናብ ተሰልፈው ነው ያስመዘገቡኝ። መዝጋቢው «ራሷ ካልመጣች አይሆንም» ብሏቸው ኖሮ ከሲስተር ደብዳቤ አጽፈው በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ሄደዋል። ይህን ሁሉ ኋላ ነው ከእናቴ የሰማሁት፤ እሳቸው «እንዳይዘጋብሽ ብዬ ነው» ብቻ ነው ያሉኝ።

ደረሰኙን ተቀበልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ከልቤ ነው፤ ግን ቅያሜዬ እዚያው አልወጣም። ቅያሜ እንደዚያ በአንድ ቀን አይወጣም። ጥቂት ሳምንት አስፈላጊውን ብቻ እየተነጋገርን ሠራን። እሳቸውም አላጣደፉኝም። መስከረም ሲጠባ ትምህርቱ ተጀመረ፤ ማታ ክፍል እንዳላረፍድ ከሰዓት በኋላ ቁስሉን ሊታጠብ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ራሳቸው ይወስዱ ጀመር። አንድ ቀን የእሳቸው ረድፍ እስከ በሩ ደርሶ የእኔ ባዶ ሆኖ አየሁት። ወንበሬን ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።